«አና» የበዛበት ዐረብኛ



ዐረብኛ ለመልመድ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ከሚሸመድዳቸው ቃላት መካከል «አና» (እኔ)፣ «ኢንተ» (አንተ)፣ «ኢንቲ» (አንቺ)፣ «ሁወ» (እሱ) እና «ሂየ» (እሷ) ይገኛሉ። እነዚህን ማወቁ የሚያስከፋ አይደለም። የሚያስከፋው፣ እነዚህ ቃላት በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ካልተቀመጡ ንግግር የሌለ መስሎት መቅረቱ ነው። ከዚያ በኋላ ግሱን አንድ ቦታ ላይ ያቆመውና «አና ዪሩሕ»፣ «ኢንተ ዪሩሕ»፣ «ሂየ ዪሩሕ» እያለ ተውላጠ ስሙን ብቻ ይለዋውጣል። በጅዳ ወይም በመካ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ከአገሩ ሰው ጋር ሲነጋገር እንዲህ አይልም። «ሄድኩ» ለማለት «ሩሕት» ይላል፤ በቃ። «እኔ» የሚለው ቃል አልተነገረም፤ የሄደው ሰው ማን እንደሆነ ግን ግሱ ራሱ ተናግሯል።

በዚህ ጽሑፍ በሒጃዝ ከተሞች፣ ማለትም በመካ፣ በመዲና፣ በጅዳና በጣኢፍ የሚነገረውን ዐረብኛ ምሳሌ አድርገን፣ ሳይነገር የሚታወቀው ተውላጠ ስም (ዶሚር) እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። በዚሁ ምክንያት ሁለት ወገኖችን መተቸት ግድ ሆኖብናል። አንደኛው ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን የመነጋገሪያ መጻሕፍት እያዘጋጀ የሚያቀርበው ወገን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኪታብ ቀርቶ ሲያበቃ የሕዝቡን ንግግር «ነሕው የሌለው» እያለ የሚያናንቀው ነው። ጉዳዩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ መናገር አለመቻል በሰው ቤት ለምትኖር ልጅ ምን እንደሚያስከትል ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የነሕው ሊቃውንት ምን አሉ?

ነሕው የጀመረ ደረሳ ሁሉ በ723 ዓ.ሂ. የሞቱትን የኢብኑ አጁሩምን «አል-አጅሩሚያ» ያውቃታል። በዚያች አነስተኛ ኪታብ ፋዒል (ባለቤት) በሁለት ይከፈላል፤ ዟሂር፣ ማለትም በስሙ የተጠራ፣ እና ሙድመር፣ ማለትም በዶሚር የተተካ። ሙድመሩ ከ«ዶረብቱ» ጀምሮ እስከ «ዶረብነ» ድረስ አሥራ ሁለት ነው። ከአሥራ ሁለቱ በአሥሩ ላይ ዶሚሩ በጆሮ ይሰማል። «ዶረብቱ» (መታሁ) ሲባል «ቱ» እራሷ ፋዒል ናት፤ «ዶረብና» (መታን) ሲባልም «ና» ፋዒል ነው። ፈጽሞ የሚደበቀው በሁለቱ ብቻ ነው፤ በ«ዶረበ» (መታ) ውስጥ «ሁወ»፣ በ«ዶረበት» (መታች) ውስጥ ደግሞ «ሂየ»። በ«ዶረበት» መጨረሻ ያለችው «ት» የሴትነት ምልክት እንጂ ፋዒል አለመሆኗን ኡስታዞች አጥብቀው ያስተምራሉ።

ለአሁንና ለመጪው ጊዜ በሚያገለግለው ግስ (ሙዷሪዕ) ላይ ግን መደበቁ ይበዛል። «አክቱቡ» (እጽፋለሁ) ስንል «አና» ተደብቋል፤ መደበቁም ግዴታ ነው። አንድ ሰው «አክቱቡ አና» ቢል እንኳ ሊቃውንቱ ያንን «አና» ፋዒል አያደርጉትም። ፋዒሉ አሁንም የተደበቀው ነው፤ የተነገረው «አና» ተእኪድ፣ ማለትም ማጠናከሪያ ነው ይላሉ። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን። ዶሚሩ ሲነገር አዲስ ባለቤት አይመጣም፤ የነበረው ይጠናከራል።

የምዕራብ የቋንቋ አጥኚዎችም በዚህ ጉዳይ ብዙ ጽፈዋል። በተለይ ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳተመው ሥራ ወዲህ ቋንቋዎችን ባለቤቱን ሳይናገሩ መተው በሚችሉና በማይችሉ መካከል እየለዩ መመርመር ተስፋፍቷል። ጣልያንኛና ስፓኒሽ ከሚችሉት ወገን ናቸው፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ከማይችሉት። ዐረብኛና አማርኛ ከሚችሉት ይመደባሉ። በዐረብ ሊቃውንት ዘንድ ግን የተደበቀው ዶሚር ከሲበወይሂ ዘመን፣ ማለትም ከሁለተኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ አንሥቶ ሲመረመር የኖረ ነው።

የሕዝቡ ንግግርም ሥርዓት አለው

አሁን ወደ ሒጃዝ ከተሞች ንግግር እንምጣ። «መሄድ» የሚለውን ግስ ላለፈ ጊዜ እንዲህ ይሉታል።

ሩሕት — ሄድኩ
ሩሕና — ሄድን
ሩሕት — ሄድክ
ሩሕቲ — ሄድሽ
ሩሕቱ — ሄዳችሁ
ራሕ — ሄደ
ራሐት — ሄደች
ራሑ — ሄዱ

ለሙዷሪዕ ደግሞ እንዲህ ነው።

አሩሕ — እሄዳለሁ
ኒሩሕ — እንሄዳለን
ቲሩሕ — ትሄዳለህ
ቲሩሒ — ትሄጃለሽ
ቲሩሑ — ትሄዳላችሁ
ዪሩሕ — ይሄዳል
ቲሩሕ — ትሄዳለች
ዪሩሑ — ይሄዳሉ

የሁለት ሰዎች መደብ (ሙሠና) እና የብዙ ሴቶች መደብ ከዚህ ንግግር ስለቀሩ የኪታቡ አሥራ ሁለት እዚህ ስምንት ሆኗል። ስምንቱ ትርጉሞች በየሠንጠረዡ በሰባት ድምፅ ተከፋፍለዋል። ይህም ማለት በያንዳንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ መደባለቅ የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ላለፈ ጊዜ «ሩሕት» «ሄድኩ»ም «ሄድክ»ም ይሆናል። በሙዷሪዕ ደግሞ «ቲሩሕ» «ትሄዳለህ»ም «ትሄዳለች»ም ይሆናል። ሁለቱም የሚያደናግሩት የምናናግረው ሰው ወንድ ሲሆን ነው። ሴትን ስናናግር «ሩሕቲ» እና «ቲሩሒ» ስለሚባል የሚደባለቅ ነገር የለም። ሁለት ሴቶች ማዕድ ቤት ቆመው ሲነጋገሩ እያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን ለይቶ ይናገራል ማለት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። እኛም «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደች» እንላለን እንጂ በየጊዜው «እኔ ሄድኩ፣ አንተ ሄድክ» አንልም። መደባለቁም ቢሆን በቤታችን አለ። «ስትመጣ ንገረኝ» ብንል የሚመጣው የምናናግረው ሰው ይሁን ወይስ ሌላ ሴት ከቃሉ ብቻ አይለይም። ይሁን እንጂ ከቀደመው ወሬ ስለምንረዳ ብዙ ጊዜ አንቸገርም፤ ካስቸገረ «እሷ ስትመጣ» እንላለን። የጅዳ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከወሬው የሚታወቅ ከሆነ ዝም ይላል፤ የሚያጠራጥር ከሆነ «ኢንተ ሩሕት» ወይም «ሂየ ቲሩሕ» ብሎ ይለያል።

የመጨረሻው አናባቢ መውደቁም ከየትም የመጣ ብልሹነት አይደለም። ቁርኣን የሚቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው በአንድ ቃል ላይ ሲቆም (ወቅፍ) የቃሉ መጨረሻ አጭር አናባቢ ይወድቃል። በዚህ ሕግ «ከተብቱ» (ጻፍኩ) ላይ የቆመም «ከተብተ» (ጻፍክ) ላይ የቆመም እኩል «ከተብት» ብሎ ያበቃል። ፉስሓው በመቆሚያ ላይ የሚያደርገውን የከተማው ንግግር በየቦታው አደረገው። ለሴቷ የምትነገረዋን «ቲ» ግን ጠብቋታል። እንዲያውም በምዕራብ የመን ተራሮች በ«ት» ፈንታ «ክ» የሚናገሩ አሉ፤ የእነሱ «ከተብክ» ለግዕዙ «ጸሐፍኩ»ና ለአማርኛው «ጻፍኩ» ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይመልከት።

ታዲያ «አና» መቼ ይነገራል?

የተደበቀውን ዶሚር የሕዝቡ ንግግር በዘፈቀደ አያወጣውም። የሚያወጣባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ለማነጻጸርና ለማጠናከር ነው። «አና ሩሕት ወ ሁወ ጀለስ» ሲባል «እኔ ሄድኩ፣ እሱ ግን ተቀመጠ» ማለት ነው። ኪታቡ ተእኪድ ካለው ጋር የሚዛመድ ነው። ስለሆነም ያለ ቦታው «ኢንተ፣ ኢንተ» ማብዛት በሰሚው ዘንድ ጣት እንደመቀሰር ሊቆጠር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው ሲጣመር ነው። «ከወንድሜ ጋር ሄድኩ» እንደምንለው ሳይሆን «እኔና ወንድሜ ሄድን» ለማለት የተፈለገ እንደሆነ «ሩሕት አና ወ አኹያ» ይባላል። እዚህ ላይ «አና» ትዘለል ቢባል አትዘለልም። ይህ ደግሞ የበስራ ነሕው ሊቃውንት በፉስሓው ላይ ከሚያስተምሩት ጋር አንድ ነው። ከግስ ጋር በተጣበቀ ወይም በተደበቀ ዶሚር ላይ ሌላ ስም ለማያያዝ መጀመሪያ ራሱን የቻለውን ዶሚር መናገር ይገባል ይላሉ። ነሕው የለውም የተባለው ንግግር ይህን ያህል ረቂቅ ሕግ ይዞ መገኘቱ ሊያስተምረን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሰውን የሚያመለክት ግስ በሌለበት ነው። «ፋህም» (ለሴት «ፋህማ»፣ ለብዙዎች «ፋህሚን») የሚለው ቃል ጾታና ቁጥር እንጂ «እኔ»ን ከ«አንተ» አይለይም። ስለዚህ «አና ፋህማ» (ገብቶኛል) ይባላል። ይሁንና ጥያቄና መልስ ሲሆን እዚህም ይተዋል። ማዳሟ «ፋህማ?» ብትል «ገብቶሻል ወይ?» ማለቷ ነው፤ ልጅቷ «አይዋ፣ ፋህማ» ብትል «አዎ፣ ገብቶኛል» ማለቷ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ባለቤቱን የለየው ጠያቂና ተጠያቂ መሆናቸው ነው። አልገባኝም ለማለት ደግሞ ዶሚሩ ከማፍረሻው ጋር ተጣብቆ «ማኒ ፋህማ» ይሆናል።

አራተኛ፣ ከላይ ያየናቸውን ሁለት መደባለቆች ለማስወገድ ነው።

የመነጋገሪያ መጻሕፍቱ ጉድለት

በየገበያው የሚሸጡትን «ዐረብኛ በአጭር ጊዜ» ዓይነት መጻሕፍት ስንመለከት በጎ ጎናቸውን አንክድም። ዐረብኛ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዲያነባቸው በአማርኛ ፊደል ተጽፈዋል። የማዕድ ቤቱን ዕቃ፣ የምግቡን ዓይነት፣ የሰውነት ክፍሉንና ቁጥሩን ይሰጣሉ። ስሞቹን በቃሉ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ይወጣዋል።

ግሱ ላይ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ይወድቃሉ። አንድ ግስ በአንድ መልክ ብቻ ይጻፋል፤ አጠገቡ «መሄድ» ወይም «መስበር» ተብሎ ይተረጎማል። ከዚያ በፊት በሌላ ገጽ «አና፣ ኢንተ፣ ኢንቲ» ተዘርዝሯል። ተማሪው ሁለቱን ገጣጥሞ «አና ዪክሲር» ቢል ማን ይፈርድበታል? እንደሚመስለን ይህ አሠራር የመጣው ከእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። በእንግሊዝኛ ግሱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ባለቤቱን መናገር ግዴታ ነው። ያንን ቅርጽ አምጥቶ ግሱ ሁሉን በሚናገር ቋንቋ ላይ መጫን፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ለመሄድ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ዕቃውን በእጁ ይዞ ሳለ ከሌላ ቤት ተውሶ እንዲሄድ ተደርጓል።

በእርግጥ ጥፋቱ የመጻሕፍቱ ብቻ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞችና የአገሩ ሰዎች የሚግባቡበት የተሰባበረ ዐረብኛ አለ። ስማርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለዚህ ንግግር የመጀመሪያውን ዘገባ አሳትሟል። በዚህ ንግግር ግሱ በአንድ መልክ ይደርቃል፣ «አና»ና «ኢንተ» የባለቤትነቱን ሥራ ብቻቸውን ይሸከማሉ፣ «ማፊ» (የለም) የሚለው ደግሞ ለማፍረሻ ሁሉ ያገለግላል፤ «አና ማፊ ዪሩሕ» እንደሚባለው ነው። ዐረቦቹም ለባዕድ ሰው እንዲህ እያሉ ይናገራሉ። ስለዚህ ልጅቷ እዚያ ሄዳ የምትሰማው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። ለገበያና ለጥድፊያ ሥራ ያገለግላል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። ከላይ በሁለቱ ሠንጠረዦች አሥራ ስድስት ትርጉሞች አሥራ አራት ድምፅ ነበራቸው። በተሰባበረው ንግግር አሥራ ስድስቱም በአንድ «ዪሩሕ» ላይ ተጭነዋል። «አና» ሰውየውን ቢለይ እንኳ ሄደ ይሁን ወይም ይሄዳል የሚለው ጠፍቷል። ባሕሩን ለሚሻገር ሰው ከመነሻው ይህን ስንቅ አድርጎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ማን ሰበረው?

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ክብደቱ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው። አንድ ብርጭቆ ተሰበረ እንበል። ማዳሟ «ሚን ከሰር አልካሳ?» (ብርጭቆውን ማን ሰበረው?) ብላ ትጠይቃለች። እዚህ ላይ ሦስት ተቀራራቢ ድምፆች አሉ። «ከሰርት» ሰበርኩ፣ «ከሰርቲ» ሰበርሽ፣ «ከሰረት» ሰበረች ማለት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት አናባቢ ናት። ሦስቱን የለየች ልጅ «ማ ከሰርት፤ አልቢንት ከሰረትሃ» (አልሰበርኩም፤ ልጅቷ ናት የሰበረችው) ብላ በአራት ቃል ራሷን ታድናለች። «አና ማፊ ዪክሲር» ያለችው ግን «አልሰበርኩም» ማለቷ ይሁን «አልሰብርም» ወይም «ሰባሪ አይደለሁም» ሰሚው በግምት ይወስናል። የሚገምተውም የተቆጣ ሰው ነው።

ከብርጭቆ የሚበልጥም አለ። ገንዘብ ወይም ወርቅ ጠፍቶ «አኸድቲ?» (ወሰድሽ?) ተብላ የተጠየቀች ልጅ፣ ጥያቄው እንዳልገባት ለማሳየት የሰማችውን ቃል መልሳ ልትደግም ትችላለች። ቋንቋ የሚለምድ ሰው ሁሉ ልማዱ ነው። መጨረሻ ያለችው «ቲ» ካልተሰማቻትና «አኸድት» ብላ ከደገመች ግን «ወሰድኩ» አለች ማለት ነው። «አና» አላለችም፤ ግሱ ግን «እኔ» ብሎ መስክሮባታል። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሕመሙ የማን እንደሆነና መቼ እንደጀመረ ግሱ ካልተናገረ አስተርጓሚ በሌለበት ማን ይናገርላታል? እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህ ቁጥር የስንቱን ቤት ጉዳይ እንደምንነጋገር ያመለክታል።

ኪታብ ለቀራው ወገን

ይህን ክፍተት መሙላት የሚገባው ነሕው የቀራው ወገን ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችን የሕዝቡን ንግግር (ዓሚያውን) ስንሰማ ፊታችንን እናዞራለን። «ኢዕራብ የሌለው ንግግር ምን ይጠናል?» እንላለን። በእርግጥ ፉስሓው የቁርኣንና የኪታብ ቋንቋ ነውና ቦታውን ማንም አይወስድበትም። ይሁን እንጂ ኢዕራቡ ወደቀ ማለት ሥርዓቱ ሁሉ ወደቀ ማለት አይደለም። ፋዒሉ አሁንም በግሱ ውስጥ አለ፤ ተእኪዱ አሁንም በቦታው ይነገራል፤ «ሩሕት አና ወ አኹያ» የሚለውም የድሮውን ሕግ ጠብቆ ይገኛል።

ንቀቱ ደግሞ ለራሱ ለኪታብ ተማሪም አይበጅም። በፉስሓ «ሩሕቱ» ማለት «ሄድኩ» ነው። ያው ቃል በጅዳ መንገድ ላይ «ሄዳችሁ» ማለት ነው። ለሐጅ ወይም ለዑምራ ሄዶ የኪታቡን «ሩሕቱ» ለታክሲ ነጂው የነገረ ሰው ስለ ራሱ የተናገረ ሲመስለው ነጂው ስለ ብዙ ሰዎች ሊሰማው ይችላል። ነጂው አልተሳሳተም፤ ሰውየውም አልተሳሳተም። ሁለት ሥርዓቶች መኖራቸውን የሚነግረው አስተማሪ ግን ጎድሎታል።

ምን ይደረግ?

የመነጋገሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዋና ግስ ሁለት ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ሰባት ድምፅ ላለፈ፣ ሰባት ድምፅ ለሙዷሪዕ። በአጠገቡ «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ» ተብሎ በአማርኛው ግስ ይተርጎም እንጂ «መሄድ» ተብሎ አይታለፍ። መጽሐፉ የየትኛው አገር ንግግር እንደሆነም ይነገር፤ የቤይሩቱ ከጅዳው፣ የጅዳውም ከኩዌቱ ይለያልና። «አና»ና «ኢንተ» ደግሞ ከላይ ለዘረዘርናቸው ቦታዎች ይቀመጡ።

የመድረሳ አስተማሪዎች ለሚሄዱ ልጆች ፋዒል፣ ዶሚር፣ ሙዷሪዕ የሚሉትን ስሞች ማስተማር አያስፈልጋቸውም። «ከሰርት፣ ከሰርቲ፣ ከሰረት» እያስባሉ ጆሮና ምላስን ማለማመድ ይበቃል። አልፊያን ለመሸምደድ ዓመታት የሚታገሥ ደረሳ፣ ለእህቱ አንድ ሳምንት ከዕውቀቱ ቢያካፍላት አይጎድልበትም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ልጃችሁ ለጉዞ የያዘችውን መጽሐፍ ተቀብላችሁ የግሱን ገጽ ግለጡ። «ሰበርኩ»ን ከ«ሰበርሽ»፣ «ወሰድኩ»ን ከ«ወሰድሽ» ለይቶ የሚያሳይ ከሆነ መልካም ነው። አንድ ግስ ብቻውን ቆሞ፣ በሌላ ገጽ «አና፣ ኢንተ» ተዘርዝሮ ካገኛችሁት ግን መጽሐፉ አልበቃትምና ከመሄዷ በፊት ንግግሩን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ጥቂት ቀን አስቀምጧት። ሻንጣዋን ለመሙላት የምናወጣውን ጊዜ ሩብ ያህል ለዚህ ብናውለው ይበቃል።

ወላሁ አዕለም።